ከእንቅልፍ ክኒን በፊት የእንቅልፍ ምርመራ



እንቅልፍ አላህ (ሱ.ወ.) ለባሮቹ ከለገሳቸው ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ጸጋነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀን ሲጎድል ነው። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን በቅርብ ያያል። «እህቴ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ የሚያስተኛ ክኒን ስጪኝ» የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም።

ጥያቄው አንድ ቢሆንም ችግሩ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ከዒሻ በኋላ ጋደም ብሎ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ጣሪያ ሲያይ የሚያድር ነው። ሌላው ጭንቅላቱ ትራስ ሲነካ ወዲያው የሚያንኮራፋ፣ ለሱብሒ ሲነሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም እንዳደረ የሚደክመው ነው። ሦስተኛው «ሌሊት አንድ ነገር ደረቴ ላይ ወጥቶ ይጫነኛል፤ መጮህም መንቀሳቀስም ያቅተኛል» ይላል። አራተኛዋ እግሯን ሲነዝራትና ሲያቅበጠብጣት ከአልጋ ወርዳ በቤት ውስጥ የምትመላለስ እናት ናት። አራቱም የሚጠይቁት ያንኑ ክኒን ነው። ይሁንና አንዱን የሚያሳርፍ ክኒን ሌላውን ሊጎዳ፣ አልፎ ተርፎም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። በመሆኑም ክኒን ከመዋጡ በፊት ችግሩ የትኛው እንደሆነ መታወቅ ይኖርበታል። በዛሬው ጽሑፋችን የእንቅልፍ ምርመራ ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ችግር እንደሚያስፈልግና ለየትኛው እንደማያስፈልግ፣ እንዲሁም በሚዛን፣ በቴፒና በአካባቢያችን የሚኖር ሰው ከማሽኑ በፊት በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን በአላህ ፈቃድ እንመለከታለን።

የተኛ ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም

ጨጓራውን የሚያመው ሰው የታመመበትን ቦታ በእጁ ያሳያል። የእንቅልፍ ችግር ያለበት ሰው ግን ችግሩ በሚደርስበት ሰዓት ተኝቷል። ማንኮራፋቱን አይሰማም፤ ትንፋሹ መቋረጡን አያውቅም፤ እግሩ መወራጨቱን አያይም። ለሐኪሙ ሊናገር የሚችለው የቀኑን ድካም ብቻ ነው። የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈለገውም ተኝተን የሚደርስብንን ነገር በእኛ ፋንታ የሚመዘግብልን ምስክር ለማግኘት ነው።

የዚህ ምርመራ ታሪክ ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም የሰውን የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መቅዳት ቻለ። በ1953 ደግሞ በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ዩጂን አሰሪንስኪና ናታንየል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኖች ከቆብ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የተለየ የእንቅልፍ ደረጃ መኖሩን አሳተሙ። ይህ ደረጃ ሬም ይባላል፤ ጉልህ ሕልሞች በብዛት የሚታዩትም በዚሁ ደረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ጠፋ መብራት ዝም ያለ ነገር አለመሆኑ ታወቀ። ጤነኛ ሰው ከቀላል እንቅልፍ ወደ ከባድ፣ ከከባድም ወደ ሬም እየተሸጋገረ፣ አንዱን ዙር በ90 ደቂቃ ገደማ እየጨረሰ በአንድ ሌሊት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ዙር በተደጋጋሚ ሲቆራረጥ ሰውየው 8 ሰዓት ሙሉ ተኝቶም ሳያርፍ ይነሳል።

የሌሊቱ ምርመራ ምን ይመስላል?

ሙሉው የእንቅልፍ ምርመራ ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ተመርማሪው አመሻሽ ላይ ወደ ምርመራው ክፍል ይመጣና እንደ ቤቱ ይተኛል። ከመተኛቱ በፊት ባለሙያው ትንንሽ መዳሰሻዎችን በሰውነቱ ላይ ይለጥፋል። በራስ ላይ ያሉት የአንጎሉን ሞገድ፣ በዓይን አጠገብ ያሉት የዓይኑን እንቅስቃሴ፣ በአገጭና በእግር ላይ ያሉት የጡንቻውን ሁኔታ ይመዘግባሉ። በአፍንጫው ሥር ያለችው ቀጭን ቱቦ የትንፋሹን መውጣትና መግባት፣ በደረቱና በሆዱ ላይ የሚታሰሩት ቀበቶዎች ለመተንፈስ የሚያደርገውን ጥረት፣ በጣቱ ላይ የምትቆነጥጠው መሣሪያ የደሙን ኦክሲጅን ይለካሉ። የልብ ምቱና የማንኮራፋቱ ድምፅም ይቀዳል። ባለሙያው በሌላ ክፍል ሆኖ ሌሊቱን ይከታተላል።

ይህን ሁሉ ሽቦ ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ነገር ግን መርፌ የለውም፤ አያምምም፤ ወደ ሰውነት የሚለቀቅ ኤሌክትሪክም የለም። ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡት በአንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ስለሆነ ለሽንትም ሆነ ለሱብሒ መነሳት የሚፈልግ ሰው ለባለሙያው ሲነግር ሳጥኗ ተነቅላ ይነሳል። ለእህቶች ደግሞ መዳሰሻው በራስና በደረት ላይ የሚለጠፍ በመሆኑ፣ ቀጠሮ ሲያዝ ሴት ባለሙያ እንድትመደብ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በማግስቱ የሌሊቱ መዝገብ በየ30 ሴኮንዱ ተከፋፍሎ ይነበባል። 8 ሰዓት የተኛ ሰው መዝገብ 960 ክፍልፋይ ይሆናል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ሰውየው ነቅቶ ነበር ወይስ ተኝቶ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ነበር፣ ትንፋሹስ ምን ይመስል ነበር የሚለው ይጻፋል። ሐኪሙ የሚወስነው ይህን መዝገብ ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር አገናዝቦ ነው።

ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው

ይህ የሌሊት ምርመራ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ስሊፕ አፕኒያ ለሚባለው ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነቱ እንዲህ ነው፦ ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው ላይ በጣም ከመላላቱ የተነሳ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። የደሙ ኦክሲጅን ሲወርድ አንጎል ለአንድ አፍታ ያነቃዋል፤ ሰውየው አንዴ አጉርቶ ይተነፍሳል፤ መልሶም ይተኛል። ጠዋት ይህን አያስታውስም። አጠገቡ የምትተኛው ባለቤቱ ግን ታውቀዋለች፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል የእሷም ትንፋሽ አብሮ ይቆማል።

በምርመራው ላይ ለ10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ የትንፋሽ መቋረጥ፣ እንዲሁም ኦክሲጅንን የሚያወርድ ወይም ከእንቅልፍ የሚያነቃ የትንፋሽ መቀነስ ይቆጠራል። ጠቅላላ ቁጥሩ ለተኛበት ሰዓት ይካፈላል። ለምሳሌ 7 ሰዓት ተኝቶ 140 ጊዜ የተቋረጠበት ሰው በሰዓት 20 ሆነ ማለት ነው። በአዋቂ ላይ በሰዓት ከ5 በታች እንደ ጤነኛ ይወሰዳል፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ይህን ቁጥር በግምትም ሆነ በመጠይቅ ማግኘት አይቻልም፤ የሚገኘው በመለካት ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለምን ያስጨንቀናል? አንደኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ በኦክሲጅን መውረድና መውጣት የሚደክም ልብ ለደም ግፊት ይጋለጣል። ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሥርዓት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው ያንኮራፋ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ሌሊት ያላረፈ ሰው ቀን ያንቀላፋል። የእኛ አካባቢ ቡና በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በቦንጋና በጅማ ኮረብታዎች ጠመዝማዛ መንገድ አልፎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። መሪ ጨብጦ ለአምስት ሴኮንድ ያሸለበ ሾፌር ለራሱም ለመንገደኛውም ምን እንደሚያመጣ መንገር አያስፈልግም።

ሾፌር ወንድሜ ቀን የሚያንቀላፋው «ሌሊት በደንብ ስላልተኛሁ ነው» ብሎ ዳያዜፓም ቢወስድስ? ይህ መድኃኒት ጡንቻን ያላላል፤ አተነፋፈስንም ያዳክማል። ቀድሞውኑ የሚዘጋውን ጉሮሮ ይበልጥ እንዲዘጋ፣ አንጎልም ቶሎ እንዳያነቃ ሊያደርግ ይችላል። በዚያ ላይ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ስለሚፈጅበት በማግስቱም መሪ ላይ ድብታው አብሮ ይኖራል። ዳያዜፓም ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሰጠው ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የቆየ ሰው ደግሞ በድንገት ማቆም የለበትም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ማን ቢመረመር ይሻላል የሚለውን ለመለየት በካናዳ ቶሮንቶ የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አጭር መጠይቅ በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። ስምንቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. በሌላ ክፍል እስኪሰማ ድረስ ያንኮራፋሉ?
2. ቀን ቀን ድካም ወይም እንቅልፍ ያበዛብዎታል?
3. ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ?
4. የደም ግፊት አለብዎት ወይም መድኃኒቱን ይወስዳሉ?
5. ክብደትዎ ለቁመትዎ በጣም ከፍተኛ ነው? (ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ101 ኪሎ በላይ)
6. ዕድሜዎ ከ50 ዓመት በላይ ነው?
7. የአንገትዎ ዙሪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው?
8. ወንድ ነዎት?

«አዎ» የተባለው ከ3 በታች ከሆነ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ 3 ወይም 4 ከሆነ መካከለኛ፣ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ግን እህቶችን እንዳያዘናጋ፤ ሕመሙ በሴቶችም ላይ፣ በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ፣ በብዛት ይታያል።

ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ጣት ላይ ተደርጋ ኦክሲጅን የምትለካው መሣሪያ በብዙ ጤና ተቋማት ትገኛለች። «ለካሁ፤ 97 ነው፤ ደህና ነኝ» የሚሉ አሉ። የስሊፕ አፕኒያ ሕመምተኛ ነቅቶ ሲለካ ኦክሲጅኑ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ የሚወርደው ሲተኛ ነው። ስለዚህ የቀን ልኬት ሕመሙን አያስቀርም። ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በቤት የሚደረግ ቀለል ያለ ምርመራም አለ፤ ትንፋሽን፣ የደረትን ጥረትና ኦክሲጅንን ይለካል። የአንጎልን ሞገድ ስለማይቀዳ ግን ሰውየው ነቅቶ ያሳለፈውን ሰዓት ከተኛበት ለይቶ አያውቅም። በዚህም ምክንያት ሕመሙን አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ምልክት እያለ ውጤቱ «ደህና» ከሆነ ሙሉው ምርመራ ይታዘዛል። ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰውም የሚመረጠው ሙሉው ነው።

ሕመሙ ከታወቀ መፍትሔ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ያሳወቁት ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት አድርጎ ያሳድራል። ክብደት መቀነስና በጎን መተኛትም ብዙ ሰዎችን ይረዳል።

እንቅልፍ አልመጣ ለሚላቸው

ጣሪያ ሲያይ ለሚያድረው ወንድማችን ግን ሽቦና ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ይህን ስናገር የሚገረሙ አሉ። እንቅልፍ ማጣት የሚታወቀው በሕመምተኛው ታሪክ ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ፣ ለመተኛት ጊዜ እያለው መተኛት ካቃተውና ቀኑ ከተበላሸበት የቆየ እንቅልፍ ማጣት ይባላል። ማሽኑ የሚጠራው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ወይም ሕክምናው አልሠራ ሲል ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የሚያገለግለው መሣሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ከሁሉ የታወቀው በአሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው መጠይቅ ነው። ያለፈውን አንድ ወር እንቅልፍ በሰባት ዘርፍ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ዘርፍ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስላለው ጠቅላላው 21 ይሆናል። ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ ጥሩ አይደለም ይባላል።

አንባብያንን ደስ የሚያሰኘው ነገር ይህ መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን ይሠራ እንደሆነ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ የገዛ ከተማችን መሆኗ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር 311 የሚዛን አማን ነዋሪዎችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። የመጠይቁን ነጥብ በባለሙያ ከተደረገ ቃለ መጠይቅ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ እንቅልፍ ማጣት ካለባቸው 100 ሰዎች መጠይቁ 82 ያህሉን እንደሚይዝ ተገኘ። ችግሩ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን ነጻ ናችሁ የሚላቸው 56 ያህሉን ብቻ ነበር።

ይህ ምን ያስተምረናል? መጠይቁ እንደ ወንፊት ነው። የታመመውን አብዛኛውን ይይዛል፤ ጤነኛውንም አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ነጥቡ ከፍ ያለበት ሰው «ታምሜያለሁ» ብሎ ወደ ክኒን መሮጥ የለበትም፤ ወደሚያነጋግረው ባለሙያ ነው መሄድ ያለበት። ሁለተኛ፣ በጥናቱ የተሳተፉት በአማካይ በ25 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ የ55 ዓመቱን አንኮራፊ አባት በዚህ መመዘን አይቻልም። ሦስተኛ፣ መጠይቁ የእንቅልፍን ጥራት እንጂ የትንፋሽን መቋረጥ አይለካም።

ሌላው የወረቀት ምርመራ የእንቅልፍ መዝገብ ነው። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ አምስት ነገር ይጻፋል፦ አልጋ ላይ የወጡበት ሰዓት፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ብለው የሚገምቱት ሰዓት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ የተነሱበት ሰዓት፣ በቀኑ ውስጥ ያሸለቡበት ጊዜ። ከጎኑ ቡና፣ ጫትና መድኃኒት የተወሰደበት ሰዓት ይጨመራል። በረመዷን ሱሑርና ተራዊሕ የእንቅልፍ ሰዓታችንን ስለሚለውጡ መዝገቡ በሌላ ወር ቢያዝ ይመረጣል፤ በረመዷን ከተያዘ ግን ይህ ይጻፍበት።

ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው መዝገብ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቡና አገር ነው የምንኖረው፤ ከመግሪብ በኋላ ቡና ተፈልቶ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ይጠጣል። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ የገባው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል የተጠጣ ቡና ግማሹ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ድረስ ከእኛ ጋር ነው። ነፍሰ ጡር ሴትና የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ እህት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክም ካፌይን ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገያል። ጫትም እንዲሁ አንጎልን የሚያነቃ ንጥረ ነገር አለው። መድኃኒቶችን በተመለከተ ፕሬድኒሶሎን ማታ ሲወሰድ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሽንት የሚያሸና እንደ ፉሮሰማይድ ያለ መድኃኒት ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሲያመላልስ ያድራል። የሚወሰድበትን ሰዓት ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ወይም የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቁ፤ በራስዎ ግን አያቁሙ።

ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የሚመከረው ሕክምናም ክኒን ሳይሆን የመኝታ ልማድንና ስለ እንቅልፍ ያለንን ጭንቀት የሚያስተካክል የምክር ሕክምና ነው።

«ዱካክ ተጫነኝ»

በአገራችን ሌሊት ሰውን የሚጫነው ነገር ዱካክ ይባላል። ብዙዎች ጂን ነው ብለው ይፈራሉ። በጂን መኖር ማመን የእምነታችን አካል ነው፤ ይህ ማለት ግን ሌሊት የሚደርስብን ሁሉ ከጂን ነው ማለት አይደለም። ከላይ እንዳየነው በሬም ደረጃ ላይ አንጎል ሕልም ሲያይ ሰውነት ሕልሙን በተግባር እንዳይሠራ ጡንቻዎች ይፈታሉ። አንዳንዴ አንጎል ነቅቶ ጡንቻው ሳይነቃ ይቀራል። ሰውየው ክፍሉን ያያል፤ መንቀሳቀስ ግን ያቅተዋል፤ የሕልሙ ቅሪትም እንደ ጥላ ይታየዋል። በሴኮንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

እንቅልፍ የጎደለው፣ የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀና በጀርባው የሚተኛ ሰው ይበዛበታል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ያቆሙ ሰሞን ዱካክ እንደሚመጣባቸው የሚናገሩትም የታወቀ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚመጣበት ሰው ዚክር አድርጎ በሰዓቱ መተኛትና ሰዓቱን ማስተካከል ይበቃዋል፤ የሌሊት ምርመራ አያስፈልገውም። ነገር ግን ዱካኩ ከመደጋገሙ በተጨማሪ ቀን ቀን መቋቋም የማይቻል እንቅልፍ ከያዘው፣ ወይም ሲስቅና ሲደነግጥ ጉልበቱ ከከዳው ናርኮሌፕሲ የተባለ ሕመም ይጠረጠራል። ለዚህ ሙሉው የሌሊት ምርመራ ተደርጎ በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ ልዩነት እስከ አምስት ጊዜ አጭር እንቅልፍ ይሰጠዋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ባነሰ ጊዜ የሚተኛና ቶሎ ወደ ሬም የሚገባ ከሆነ ሕመሙ ይታወቃል።

እግሯን የሚያቅበጠብጣት እናት

ማታ ጋደም ሲሉ እግርን አንቀሳቅሽ አንቀሳቅሽ የሚል፣ ሲንቀሳቀሱ የሚቀልል ስሜት የታወቀ ሕመም ነው። የሚለየው በመጠየቅ ነው፤ የሌሊት ምርመራው ሊያክል የሚችለው ተኝታ እያለች እግሯ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚወራጭ መቁጠር ነው። አንዱ የታወቀ መነሻው የብረት ማዕድን እጥረት ስለሆነ የሚቀድመው የደም ምርመራ ነው። በእርግዝና ጊዜም ይበዛል። ከአመጋገብ አንጻር ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳሉ፤ ከምግብ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ማራቅ ይጠቅማል። ምስር፣ ጎመንና ሥጋ፣ ከእነርሱም ጋር ሎሚ ወይም ብርቱካን መመገብ ይረዳል። የብረት ክኒን ግን ደም ሳይመረመር ለረጅም ጊዜ አይወሰድም።

ልጆች ሲያንኮራፉ

ጉንፋን ሳይዘው በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ቀን የሚነጫነጭ ወይም ትምህርት የማይገባው ልጅ በእንጥሉ አይፈረድበት። በአካባቢያችን እንጥል ማስቆረጥ እስካሁን ይታያል፤ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጣል፤ ችግሩንም አይፈታም። በልጆች ላይ ዋናው ምክንያት ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ማበጥ ነው። ሐኪሙ መርምሮ፣ ካስፈለገም የሌሊት ምርመራ አዝዞ፣ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። የልጆች መለኪያም ከአዋቂ የተለየ ነው፤ በሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ የትንፋሽ መቋረጥ በልጅ ላይ ትኩረት የሚሻ ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

ሙሉው የእንቅልፍ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ርቆ መሄድና ገንዘብ ማውጣትም ይጠይቃል። ስለዚህ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው እንዲሄድ፣ የማያስፈልገውም ገንዘቡን እንዳያባክን የመጀመሪያው ምክክር በአቅራቢያችን ባለው ጤና ተቋም ቢሆን ይመረጣል። ሐኪሙ ሪፈር ለመጻፍ የሚያስችለውን መረጃ ይዘው ይሂዱ፦

- የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ፤
- የስምንቱ ጥያቄዎች መልስ፤
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር፤
- የቅርብ ጊዜ የደም ግፊትና የክብደት ልኬት፤
- ከተቻለ አጠገብዎ የሚተኛው ሰው ራሱ። ካልተቻለም ማንኮራፋቱንና ጸጥታውን በሞባይል ለጥቂት ደቂቃ ይቅዳ።

ለሌሊት ምርመራ የተቀጠረ ሰው በዕለቱ ከቀትር በኋላ ቡና፣ ሻይና ጫት አይውሰድ፤ ቀን አይተኛ። ፀጉሩን ይታጠብ፤ ቅባትና ቅቤ አይቀባ፤ መዳሰሻው አይጣበቅምና። የጥፍር ቀለምም ሆነ ጠቆር ያለ ሂና በሚለካው ጣት ላይ አይኑር። የዘወትር መድኃኒቱን ሐኪሙ ካላዘዘው በስተቀር አያቋርጥ።

ቀን እያንቀላፉ መኪና ወይም ሞተር የሚያሽከረክሩ፣ ትንፋሻቸው ሲቋረጥ የታየ፣ ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ ያለ ሰዎች ግን ሁለት ሳምንቱን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ያማክሩ። እስኪመረመሩም ድረስ እንቅልፍ ሲመጣባቸው መኪናውን ዳር ይዘው ያቁሙ። እናንተም እህቶች፣ «ባሌ ያንኮራፋል» ብሎ መናገር ገመናን ማውጣት አይደለም፤ ለሐኪሙ ያ ቃል ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።

አላህ ጤናችንንና የቤተሰቦቻችንን ጤና ይጠብቅልን።